የሞቀው ግድግዳ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

አዲስ ደብተር። አሮጌው በስሌትና በሽቦ ሥዕል ተሞልቶ ለራሴ የሚሆን ቦታ አጣሁበት። ለራሴ የምጽፈውስ ምን አለኝ? እንጃ። ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ስነታረክ ውዬ ማታ አንድ ነገር ካልጻፍኩ አፌ የሚዘጋ ይመስለኛል።

የዘንድሮው ጣጣዬ ይኸው ነው። ግቢያችን አሮጌ ካርቶን ይሰበስባል፣ ጨምቆ ያስራል፣ ለወረቀት ፋብሪካ ይሸጣል። መጭመቂያው ክፍል የሚያህል የብረት ሳጥን ነው። ካርቶኑ በቀበቶ ተጉዞ ከላይ ይወድቅበታል፤ ከዚያ ከዳር ያለው ብረት እየገፋ መጥቶ ያደቀዋል። አምና በዚሁ በብርዱ ወራት አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ያየው የለም፤ ማሽኑ ተነሣበት። ስሙን እንኳ ያወቀ አልተገኘም። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ግቢውን ዘጉት፤ ሲከፍቱልን ደግሞ፣ "ሰው መኖሩን የሚለይ መሣሪያ ገጥማችሁ ብርዱ ከማለቁ በፊት ካላሳያችሁን እንመለሳለን" አሉ። አለቃችን ወደ እኔ ዞሮ፣ "እንግዲህ አንቺ ነሽ" አለኝ። ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የሚነካ በግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ የለም።

የሠራሁት ሴንሰር የሚያየው ሙቀትን ነው። ካርቶን ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይሞቃል። ሳጥኑ ውስጥ የሚሞቅ ነገር ካለ ቀይ ይበራና መጭመቂያው ይቆለፋል፤ ከሌለ አረንጓዴ። ሲወራ ቀላል ነው።

ያ ሰውዬ ከሐሳቤ አይወጣም። በሌላ ሰው እንዲደገም አልፈልግም፤ በቃ፣ የምፈልገው ይኸን ብቻ ነው።

ማታ በሩን ስከፍት አክስቴ እንደ ልማዷ ከወዲያኛው ክፍል፣ "ገባሽ እንዴ?" አለች። "ገባሁ" ብዬ ወደ ክፍሌ አለፍኩ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እግሯ ከደከመ ወዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ሾርባው ተከድኖ ነበር። ብቻዬን በላሁ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ቀይ። ቀይ። አሁንም ቀይ። ሰው የለም። ድመት የለም። አይጥም የለችም። ሦስት ጊዜ ራሴ ወርጄ አየሁ። መኪናዎቹ ደጅ ተሰልፈው ጡሩንባ ይነፋሉ።

መጭመቂያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ሊበላኝ ደርሷል። እውነተኛ ስሙን የሚጠራው ደመወዝ ከፋያችን ብቻ ነው፤ ለሌላው "ቶሎ ቶሎ" ነው። ሲበላም ይቸኩላል፣ ሲያወራም ይቸኩላል። ዛሬ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ኧረ እቴቴ፣ ይሄ መሣሪያሽ የሚፈልገው ሰው ነው ወይስ ሰበብ?" አለኝ። ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ምክንያቱን ደረስኩበት። ማሽኑ የሚሠራበት ዘይት በብርድ እንዳይረጋ ሌሊቱን ሙሉ እየሞቀ ያድራል። ቧንቧው የሚያልፈው በሳጥኑ ግራ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ሲነጋ ትኩስ ነው፤ የእኔ ሴንሰር ደግሞ ያን ሙቀት አይቶ "ሰው" ይላል። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ፤ እንደ ምድጃ ጎን ደስ ይላል። በዚያ ሁሉ ብርድ ሰው የሚያስጠጋ ቦታ እሱ ብቻ ነው።

ጠዋት በር ላይ ዘበኛው ጋሼ፣ "እንዴት አደርሽ ልጄ? ዛሬም ቀይሽን ልታበሪብን ነው?" አለኝ። በዚህ ግቢ ደህና አደርሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። የጥበቃ ቤቱ መስኮት መስታወት የለውም፣ ንፋሱ ሌሊት አያስቀምጠውም። "አንቺ ብልኀተኛ ነሽ፣ በሞቴ አንድ ነገር አድርጊልኝ" አለኝ። "እሺ ጋሼ፣ አየዋለሁ" አልኩት። ቸኩዬ ነበር።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔዋ ግን ዛሬ ባዳ አልሆነችልኝም። በሻይ ቤቱ ጓሮ ሳልፍ፣ "ቀይ መብራት ባል ቢኖራት እኛን እንዲህ አታስለቅሰንም ነበር" ሲል ሰማሁ አንዱ። ቀይ መብራት እኔ ነኝ፣ አውጥተውልኛል። የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁም። ደንታም አልሰጠኝ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብዬ ስሠራ የመሣሪያ ክፍሉ መብራት ድርግም አለብኝ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየ ራሱ እንዲጠፋ አድርጎ የገጠመው ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ነው። እጄን አወዛወዝኩ፣ በራ። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። አወዛወዝኩ። ሦስተኛው ላይ ተውኩትና ጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። "ሰው የለም ካልክ የለም" አልኩት ለመብራቱ። ሰው ቢሰማኝ አበደች ይል ነበር፤ ደግነቱ ሰው አልነበረም።

ባል ቢኖራት። ነበረኝ እኮ። እሱም ቢሆን ቤት ውስጥ መኖሬን የሚያስታውሰው ሸሚዙ ሳይተኮስ ሲቀር ነበር። ደንታ አልሰጠኝም ብያለሁ፣ አልሰጠኝም።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

አለቃ ቢሮው ጠራኝ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ከቁጣም የሚከፋ፣ የሚለማመጥ ሰው ነው። "እህቴ፣ ሠራተኛው ተማሯል፤ በቀን ግማሹን ቆመን ነው የምንውለው። መሣሪያው እንዲታገስ አድርጊው።" ሴንሰር አይታገስም ልለው ፈልጌ ዋጥኩት። እስከ ዓርብ መላ ካላመጣሁ አውልቆ በወረቀት ላይ ብቻ "ተገጥሟል" ሊል እንደሚችል ከፊቱ አነበብኩ። ያኔ ካርቶን ውስጥ ለሚተኛ ሰው ማን አለው?

መላ ግን አለ። ጠዋት ማሽኑ ሲበራ፣ ሳጥኑ ገና ባዶ እያለ፣ ሴንሰሩ ያን ሰዓት ያገኘውን ሙቀት ሁሉ "ይሄ የግድግዳው ነው" ብሎ ይያዝ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አዲስ ሙቀት ብቻ ይቁጠር። ግድግዳው ዛሬ ቢግል ነገ ቢበርድ በየጠዋቱ ራሱ ይማረዋል። የሰው እጅ አያስፈልገውም።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ሠራ! ሠራ! ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ፣ እኔ ራሴ ስወርድበት ደግሞ ወዲያው ቀይ። አራት ጊዜ ወረድኩ፣ አራት ጊዜ ያዘኝ። እሰይ የኔ አንበሳ!

ማታ ስልኬን ከፍቼ ስሞቹን ወረድኩ ወጣሁ። የምሥራች የምለው አንድ ሰው አጣሁ። ኖሬ ኖሬ እዚህ መድረሴ ይገርማል። አክስቴ በሯ ላይ በከዘራዋ ተደግፋ፣ "ምነው ዛሬ ፊትሽ በራ?" ስትለኝ፣ "ሥራ ነው" ብያት ገባሁ። ማንንም ሳላስቸግር ተኛሁ።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ሰላም ሆነ። ቶሎ ቶሎ ዛሬ ሻይ ጋበዘኝ፤ እሱ ሁለት እስኪጠጣ እኔ ገና እያማሰልኩ ነበር። "አሁን ገና መሣሪያሽ ሰው ሆነ" አለኝ። መሣሪያውን ነው ያመሰገነው፤ ይሁን።

አክስቴ ቀኝ እጄ ይደነዝዘኛል አለች። ብርዱ ነው፣ ጓንት አድርጊ አልኳት። ኩባያ ሰብራለች። ስትለቅመው አይቼ እኔ እለቅመዋለሁ ለማለት አስቤ ነበር፤ ስልክ ተደወለ፣ የተሳሳተ ቁጥር።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

አዲስ ጭቅጭቅ። ቀይ ቢበራም መጭመቂያውን በግድ የሚያስኬድ አንድ ቁልፍ አለ፤ ለጥገና ብዬ የሠራሁት ነው፣ ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው። አለቃ ለቶሎ ቶሎ ስጪው አለ። ምናልባት እኔ ብቀር ብታመም ሥራ እንዳይቆም ነው። አላስረከብኩም። ዛሬ ረሳሁት፣ ነገ አመጣዋለሁ እያልኩ አዘገያለሁ።

ቶሎ ቶሎ፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ከወረቀት መሃል ነው የምትሠሪው" አለኝ። በዚህኛው እውነቴን ሳቅሁ።

ግን ለምን አልሰጠሁትም? መሣሪያዬን አምነዋለሁ። አምነዋለሁ ካልኩ ቁልፉ ምን ያደርግልኛል? ግትር ነሽ ይለኝ ነበር የቀድሞ ባሌም።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ችኮላ። ተቆጣጣሪዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። ሽቦዎቹን በቱቦ መሸፈን። መመሪያውን በትልቅ ጽሑፍ መለጠፍ። ዘበኛው ጋሼ ክፉ ሳል ይዞታል፤ ከውሻ ጩኸት የሚብስ ሳል፣ ግቢው ጫፍ ድረስ ይሰማል። መስኮቱ! ረሳሁት። ነገ።

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

አለቃ ዛሬ አልተለማመጠኝም። "ነገ ጠዋት ቁልፉ እጁ ላይ እንዲገባ" አለና ሄደ። ቅስሜ ተሰበረ። ይውሰዱት። ሁሉንም ይውሰዱት።

ቤቱ ዛሬ ጸጥ ብሏል፣ ሬዲዮም የለም። ተመስገን፣ ራሴን አሞኝ ነበር። ሾርባም የለም፤ ቀድማ ተኝታለች መሰለኝ። ዳቦ በሻይ በላሁ። እንዲህ ባለ ምሽት ሰው ድንገት ቢሞት ስንት ቀን ሳይታወቅ ይቆያል እያልኩ ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስለ ራሴ ነበር የማስበው።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ፣ ሌሊት

በተራው ልጻፈው።

ጠዋት ቁልፉን ላስረክብ ሄድኩ። ዘበኛው በር ላይ አልነበረም፤ ልብም አላልኩት። ቶሎ ቶሎ ለመጀመሪያው መኪና ቀድሞ ገብቶ ማሽኑን አብርቶታል። አረንጓዴ ነው። ቀበቶው ካርቶን እያፈሰሰ ነው። ሰላም ሳይለኝ መዳፉን ዘረጋ፣ እኔም ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። በሌላ እጁ መግፊያውን አስነሳው። ብረቱ ትንሽ እንደሄደ ቀዩ በራና ቀጥ አለ።

"ይኸው! ደግሞ ጀመራት! አምጪው ቁልፉን!"

እውነቱን ልጻፍ፤ ልሰጠው ነበር። እጄ ተዘርግቷል። ደክሞኝ ነበር፣ ከሁሉም ጋር መጣላት ሰልችቶኝ ነበር። ማሽኑ ሲቆም ግቢው ጸጥ ይላል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከሳጥኑ ሳል መጣ። ያቺን ሳል አውቃታለሁ። ቁልፉን ጨበጥኩና፣ "ጋሼ!" ብዬ ጮኽኩ።

አወጣነው። ካርቶን ለብሶ፣ በትኩሳት ነድዶ፣ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ለካ ብርዱ ከገባ ጀምሮ የሚያድረው እዚያ፣ ከሞቀው ግድግዳ ተለጥፎ ኖሯል። ሁልጊዜ ከሠራተኛው ቀድሞ ይወጣል፤ ዛሬ ሕመሙ ጥሎት ቀረ። ቶሎ ቶሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ቀስ ብሎ ሲናገር ዛሬ ገና ሰማሁት። "አረንጓዴ ነበር እኮ። እኔ ያየሁት አረንጓዴ ነው" አለ፣ ደጋግሞ።

ሌሎቹ ግን አቀፉኝ። "ቀይ መብራት አዳነችው!" አሉ። አለቃ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ኧረ ምኑን አዳንኩት? መጀመሪያ አረንጓዴ መብራት አልነበረበትም! ሲወጡልኝ ጠብቄ ሴንሰሩ ጠዋት የያዘውን አየሁ። ግድግዳው አለ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ የተጋደመ ሰው የሚያህል ሙቀት አለ። ማሽኑ ሲበራ ጋሼ እዚያው ነበር። ስለዚህ መሣሪያዬ፣ የኔ አንበሳ፣ እሱንም ከግድግዳው ጋር ደምሮ "ይሄ የነበረ ነው" አለና ተወው። ቀይ የበራው ካርቶን ሲወድቅበት ነቅቶ ወደ መሃል ስለተንፏቀቀ ነው። ዝም ብሎ ቢተኛ ኖሮ አልቆለት ነበር።

መሣሪያውን ያሳወርኩት እኔ ነኝ። እነሱ ዝም አሰኚልን አሉኝ፣ እኔም ዝም አሰኘሁላቸው። የተኛበት ቦታ ደግሞ በገዛ እጄ ነክቼ ደስ ይላል ያልኩት ቦታ ነው፤ ብርድ የሚፈራ ሰው ወዴት እንደሚጠጋ ለማወቅ ምን ትምህርት ያስፈልጋል? መስኮቱንም ነግሮኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ ማታ የት እንደሚያድር አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

መሣሪያው ክፋት የለውም። ሲጀምር ያገኘው ነገር፣ ከዚያ ወዲህ ሳይነቃነቅ እዚያው ያለ ነገር፣ ለሱ የለም ማለት ነው። በየቀኑ እዚያው የሚገኝ ስለሆነ ብቻ

ቆይ።

አክስቴ ዛሬ ገባሽ እንዴ አላለችም።

ትናንትም አላለች

ታኅሣሥ 10፣ ረቡዕ

ሆስፒታል። አግዳሚ ወንበር ላይ።

ከአልጋዋና ከግድግዳው መሃል ወድቃ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ። ሰኞ እኔ ዳቦ በሻይ ስበላ እዚያ ነበረች። ተመስገን ስል እዚያ ነበረች። ዓይኗ ተከፍቷል። እጇን ስይዘው ይሞቃል።

ሐኪሟ፣ "አብሯት የሚኖር ሰው የለም?" አለችኝ።

ቅጹ ላይ "አብሯት የሚኖር" በሚለው ቦታ ስሜን ጻፍኩላት።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

በሕይወት ትተርፋለች አሉ። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ንግግሯም ሄዷል። ይመለሳል አይመለስም የሚለኝ የለም። አንድ ቀን ቀድሞ ቢደረስባት ኖሮ ብላ ሐኪሟ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው።

ከዚያ ወደ ግቢው ሄድኩ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ያሉበት ቀን ነበር። አለቃ ዘበኛውን ሊያባርር ደብዳቤ አዘጋጅቷል፤ መሣሪያውን ግን ሰው እንዳዳነ አድርጎ ሊያቀርበው ነው። ሁሉም ፊት ተነሥቼ ተናገርኩ። "መሣሪያው ተሳስቷል። ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ሰውየውን ያዳነው ሳሉ ነው። እሱ ከተባረረ እኔም አልቆይም" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። አለቃ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ያልጠበቅሁት ቶሎ ቶሎ ከኋላ፣ "አረንጓዴ ነበር፣ እኔም ምስክር ነኝ" አለ።

ግቢው ለሁለት ሳምንት ተዘጋ። ይገባናል።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ቤቱ። አክስቴ ገና ሆስፒታል ናት፤ ሬዲዮዋን ከፍቼ ክፍሏ ውስጥ ትቼዋለሁ፤ እንዲሁ ለድምፁ። ሰው የለኝም እያልኩ ስንት ገጽ ጻፍኩ! መለስ ብዬ ሳነበው በየገጹ አለች። ሾርባው ማን ከድኖት ነው? ማን ነው ፊትሽ በራ ያለኝ? አፈር ልብላ እቴ።

ሥራው አልቋል። ሴንሰሩ ከእንግዲህ ባዶውን በራሱ አይማርም። ጠዋት አንድ ሰው የጎኑን በር ከፍቶ ይገባል፣ በባትሪ እስከ ጥጉ ያያል፣ በግድግዳው ሥር ያለውን ካርቶን በእጁ ያነሣል፣ "ሰው አለ?" ብሎ ይጣራል። ከውስጥ ያለውን ማብሪያ ካልተጫነው ማሽኑ አይነሣም። ቶሎ ቶሎ፣ "እና እኔ ልጣራ ከሆነ መሣሪያው ምን ሊሠራልኝ ነው?" አለ። "ከተጣራህ በኋላ የሚመጣውን ይጠብቅልሃል" አልኩት። አጉረመረመ። ትናንት በሙከራው ግን ከደጅ ቆሜ ሰማሁት፤ ሁለት ጊዜ ተጣራ፣ መልስ ጠብቆም ወጣ። መጭመቂያውን በግድ የሚያስኬደውን፣ በግትርነቴ የያዝኩትን ያን ቁልፍ ሰባበርኩት።

ለጋሼ መስኮት መስታወት ገጠምኩለት። ተሽሎት ወጥቷል። "እንዲያው ደከምሽልኝ ልጄ" አለኝ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር።

ጥር 6፣ ሰኞ

አክስቴ ቤት ከገባች አምስተኛ ቀኗ ነው። ቀን ቀን የምትረዳን ጎረቤት አግኝተናል። ቃል የሚባል ከአፏ አይወጣም፤ ትሞክራለች፣ ከዚያ ያናድዳታል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የምትለኝ ብዙ አለ መሰለኝ። እኔም የምጠይቃት ብዙ ነበር፤ ስለ ልጅነቴ፣ ስለ እናቴ፣ ለምን አላገባሽም፣ ማታ ማታ እኔን ስትጠብቂ ምን ታስቢ ነበር። ሁሉንም መጠየቅ በምችልበት ጊዜ በሬን ዘግቼ ለደብተር አወራሁ።

ዛሬ አመሸሁ። በሩን ስከፍት በልምድ ቆም አልኩ፤ ጆሮዬ ያን ድምፅ ይጠብቃል፤ እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ አሁንም ይጠብቃል። ሰሞኑን እንደለመድኩት እኔ ልጠይቃት፣ አክስቴ አለሽ እንዴ ልላት አፌን ስከፍት፣ ከወዲያኛው ክፍል ኪል፣ ኪል የሚል መጣ። ማንኪያ ከኩባያ ጋር። በግራ እጇ።

ገባሽ እንዴ ማለቷ ነው።

ጫማዬን ሳላወልቅ ሄድኩ። ማንኪያው ገና እጇ ላይ ነበር። "ገባሁ" አልኳት፤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው ያልኳት።